የአያ ዘለቀ ሰባተኛው በርሜል

አያ ዘለቀ መሞታቸውን ያረዱኝ ጨው ነጋዴው ሐጂ እድሪስ ናቸው። አህያቸውን ከግራሩ ጥላ ሥር አስረው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አያ ዘለቀ አረፉ። ንዳድ ነው። ሦስት ቀን እንኳ አላስታመምናቸውም» አሉኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ያለቅሳል፣ ወይ ራሱን ይይዛል፣ ቢያንስ ቁጭ ይላል። እኔ ግን «ስንት ሰዓት ላይ?» አልሁ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰው ሞተ እልሃለሁ ሰዓት ትጠይቀኛለህ? ቀጠሮ ነበራችሁ?»

«ኧረ እንዲያው፣ ጧት ነው ወይስ ከሰዓት ለማለት ነው።»

«ከሰዓት ነው። ዝናቡ ሲያባራ። አሁን ደስ አለህ?»

ደስ አላለኝም። ግን በሆዴ «ልክ ነው» አልሁ። አያ ዘለቀ ነገራቸውን ሁሉ የሚያቆሙት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነበር። ይህን ያሰብሁት ከማልቀሴ በፊት መሆኑን ስናገር አፍራለሁ፤ ሆኖም እንዲህ ነው የሆነው።

መተማ ውስጥ አያ ዘለቀን የማያውቅ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሱዳኗ ገላባት እስከ ደጋው ግርጌ አህያ ሲነዱ ኖረዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ማንም አያስታውሳቸውም፤ አህያ ነጂ ሞልቷል። እሳቸው ግን በጎልማሳነታቸው የመርከብ እሳት አንዳጅ ነበርሁ ይሉ ነበር። ከባሕር በእግር ስንት ሳምንት በሚርቅ አገር ይህን የሚል ሌላ ሰው አልነበረም። አህዮቹን አሳርፉ ለማለት «መልሕቅ ጣሉ» ይሉናል። ከማውራታቸው በፊት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሩቅ ያያሉ፣ ማዶው ቁጥቋጦ ሆኖ ሳለ የወደብ መብራት የሚታያቸው ይመስላል። በግራ እጃቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ይደባብሳሉ። ወሬው የሚጥመው ቦታ ላይ ሲደርስ «በሉ፣ እዚህ ላይ ይደር» ብለው ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ይደፋሉ። ከዚያ በኋላ ብትለምናቸው፣ ብትቆጣቸው፣ ትንባሆ ብትሰጣቸው አይቀጥሉም። ትንባሆውን ግን ይወስዳሉ።

አንድ ጊዜ ኬላው ላይ አንድ ጣሊያን ይዟቸው ነበር። ሰውዬው የባሕር ጠረፍ ልጅ ኖሮ፣ እሳት አንዳጅ ነበሩ ሲባል ፍተሻውን ትቶ በአስተርጓሚ፣ «የመርከብህ ስም ማን ነበር?» አላቸው። አያ ዘለቀ ቆባቸውን አወለቁ። «መርከቧ ሰምጣለች። የሙት ስም በከንቱ አይጠራም» አሉ። ጣሊያኑ አማተበና አሳለፋቸው። ከኋላቸው የነበርነውን ግን አንድ በአንድ ፈተሸን።

እኔ ያን ጊዜ የሐጂ እድሪስ አህያ ነጂ ነበርሁ። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሕፃናት ከቄሱ ፊት ሲያነበንቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰርቄ ነው የያዝሁት። ማንበብ የተለማመድሁት ጣሊያን ሲገባ ወደ ሱዳን የተሰደደ አንድ የጎንደር ተማሪ ጥሎት በሄደ የመልክዐ ምድር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ ከገጽ ዘጠኝ ይጀምርና ገጽ አርባ አንድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከገጽ ዘጠኝ በፊትና ከገጽ አርባ አንድ በኋላ ስላለው ዓለም ምንም አላውቅም። በመካከሉ ስላለው ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም፣ ይህንንም ለሰው ሁሉ እናገር ነበር።

ደግሞ እለካ ነበር። አንዲት የሽመል በትር ነበረችኝ፣ በየአራት ጣቱ በጩቤ ምልክት ያደረግሁባት። ወንዝ እለካለሁ፣ ጥላ እለካለሁ፣ ሥራ ካጣሁ የአህያ ጆሮ እለካለሁ። ሐጂ እድሪስ «ይህ ልጅ ሲሞት መቃብሩን ለክቶ፣ አንሷል ብሎ ይመለሳል» ይሉኝ ነበር። አያ ዘለቀ ብቻ አልሳቁብኝም። «የሚለካ ሰው ደስ ይለኛል» ይላሉ። «እኔ ለክቼ አላውቅም።» ይህ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን መተማ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ከገላባት ጨው ጭነን፣ ኬላውን ለመሸሽ መንገዱን ትተን በዱሩ ገባን። አራት ነበርን፤ ሐጂ እድሪስ፣ አያ ዘለቀ፣ እኔና ማሩ። ማሩ የመንደሬ ልጅ ነው። ቤታችን ከጓንግ ወንዝ ማዶ፣ ግማሽ ቀን ቢያስኬድ ነው። ሚስቱ ጥሩዬ ቀኗ ደርሶ ነበር። የፊተኛው ልጃቸው ሞቶ ነው የተወለደ፤ ያኔም ማሩ መንገድ ላይ ነበር። አሁን «ከመውለድሽ በፊት እደርሳለሁ» ብሎ ምሎላታል። መንገዱን ሁሉ አህዮቹን ሲያጣድፍ፣ እኛንም አብሮ ሲያጣድፈን ዋለ።

አያ ዘለቀና እኔ ግማሹን አህያ ይዘን ቀድመን ጓንግ ዳር ደረስን። ከወንዙ ወዲህ አንዲት ጉብታ አለች። ከጉብታዋ ኋላ ስም የለሽ ገባር አለች፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነች፤ እሷን አሁን ተሻግረናታል። በትሬን ጓንግ ውስጥ ሰደድሁ። ከጉልበት በታች አራት ጣት። አህዮቹን ውኃ አጠጥተን ስንመለስ እንደገና ለካሁ። ሁለት ጣት ጎድሏል።

«እንሻገር» አሉ አያ ዘለቀ። «ደጋው ጠቁሯል።»

«ደጋው ሩቅ ነው» አልሁ። «ውኃው እየጎደለ ነው። በዚህ አካሄድ ነገ ጧት ቁርጭምጭሚት አይደርስም። አሁን ብንገባ የጨዉ ግርጌ ይርሳል። ለክቼዋለሁ።»

አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ በትሬን አዩ። «እንግዲህ አንተ ከለካህ» አሉና ጭነት ማውረድ ጀመሩ። ሐጂና ማሩ ሲደርሱ ግማሹ ጭነት መሬት ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣ የከብት መንጋ ሲጋልብ የሚመስል። ቀጥሎ ጓንግ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ፣ ዳርቻውን ዘሎ ወጣ። ወደ ኋላ ስንዞር ያቺ ስም የለሽ ገባርም ሞልታለች። ጉብታዋ ብቻ ቀረች። ርዝመቷ ሰማንያ ሁለት እርምጃ፣ ወርዷ ሠላሳ አምስት። አዎ፣ ያን ጊዜም ለካሁ። በማግሥቱ ርዝመቷ ሰባ አንድ ሆነ።

ማሩ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ መሐላችን መጥቶ ቆመ።

«ማን ነው እዚህ እንደር ያለው?»

አፌን ከፈትሁ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ዘለቀ። ጉልበታቸውን ደባበሱ። «ይህ ጉልበቴ አላራምድ አለኝ።»

«ጉልበትዎ? አንቱ፣ ስለ ጉልበትዎ ብለው?»

«ምን ላርግ ልጄ። አርጅቻለሁ።»

ማሩ ምራቁን ዋጠ። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ የሚውጠው አይመስለኝም። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ልብሱን በራሱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። «እዋኛለሁ» አለ። ወንዙ ውስጥ አንድ የሞተ በሬ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እየተገለበጠ አለፈ። ማሩ አየው። መጠቅለሉን ግን አልተወም።

አያ ዘለቀ አልከለከሉትም። ከጨዉ ጎን፣ ቁርበት ከወጠርንባት ጥላ ሥር ገብተው ተቀመጡ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኛም እንዲህ ነበር የሆንን» አሉ፣ ለማንም እንደማይናገሩ። «ባሕር መሐል። አራት ሰው ብቻ።»

ሐጂ «እንዴት ሆናችሁ አያ ዘለቀ?» አሏቸው።

መርከቧ ከወደብ ስትወጣ ብዙ ሰው ነበረባት አሉ። በሽታ ገብቶ ሰዉን በየወደቡ እያወረዱ አራት ቀሩ፤ አለቃው፣ ወጥ ቤቱ፣ እሳት አንዳጁና ውኃ ቆጣሪው። እሳት አንዳጁ እሳቸው ናቸው። ባሕሩ መሐል ሲደርሱ የመርከቧ ሆድ ተሰበረ፤ ሞተር ማለታቸው ነው። ነፋስ የለም፣ መሬት አይታይም፣ ሌላ መርከብ የለም። የሚጠጣ ውኃ ሰባት በርሜል ነው። ከወደብ ከተነሡ ጀምሮ በየምሽቱ ከመርከቧ ግርጌ ይንኳኳል። ዱብ። ዱብ። ዱብ። ማን እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። ሆዷ በተሰበረ በሦስተኛው ጧት ሲነቁ ሰባተኛው በርሜል ውታፉ ተነቅሏል፣ ጠብታ የለበትም፣ ወለሉ ርሷል።

«ማነው ያፈሰሰው?» አለ ማሩ። ጥቅሉ ራሱ ላይ ነው።

ዝናቡ አባራ። «እዚህ ላይ ይደር» አሉ አያ ዘለቀ፤ ቆባቸውን ደፉ።

ማሩ ወንዙ ዳር ሄዶ ቆመ። ተመልሶም መጣ። «ነገ ጧት እዋኛለሁ» አለ። ነገ ጧት ግን «ከሰዓት በኋላ» አለ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ደግሞ የመርከቧ ሰዓት ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በሶ እየበጠበጥን፣ ትንኝ እየነከሰን፣ አህዮቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ጀርባቸውን ለዝናብ ሰጥተው። በመርከቧ ላይ አራቱ ሰዎች ተጠራጠሩ። ወጥ ቤቱ ቢላዋውን አልጋው ሥር አደረገ። አለቃው የቀሩትን ስድስት በርሜሎች በሰንሰለት አሰረ። ማታ ማታ ያ ነገር ያንኳኳል። ሰው ከሰው ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ነው፣ ማምለጫም የለም። ሐጂ እድሪስ ወጥ ቤቱ ነው ብለው አንድ ጥፍር ትንባሆ አሲዘዋል። ማሩ አለቃው ነው ይላል፣ «አለቃ ሁሉ ሌባ ነው»።

እኔስ? እኔ ጥያቄ እጠይቅ ነበር።

«አያ ዘለቀ፣ የበርሜሉ ቁመት ስንት ነው?»

«ያንተን ያህላል።»

«ትላንት የወጥ ቤቱን ያህላል ብለው ነበር። ወጥ ቤቱ ደግሞ አጭር ነው ብለዋል።»

«ታዲያ አንተ ረጅም ነህ?»

«መርከቧ ውስጥ ጭድ ነበር ብለዋል። ጭድ ለምን?»

ማሩ «ለአፍህ መወተፊያ!» ይለኛል። አያ ዘለቀ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። አንዳንዴም ዓይናቸውን ከፍተው «እንዴ፣ እሱስ?» ብለው ራሳቸው ይገረማሉ፣ የረሱትን ያስታወስኋቸው ይመስል። እኔም ታሪኩን እያቃናሁላቸው ነው ብዬ እኮራ ነበር።

በአራተኛው ቀን ነው ያበላሸሁት። በመርከቧ ላይ ውኃው አንድ በርሜል ቀርቷል። እሳት አንዳጁ ከእሳቱ ፊት ሆኖ ጉሮሮው ደርቋል። «ያን ጊዜ» አሉ አያ ዘለቀ፣ «ከመርከቧ ጎን ጎንበስ አልሁና በመዳፌ ከባሕሩ ዘግኜ ጠጣሁ። እፎይ አልሁ።»

«አይጠጣም» አልሁ።

«ምኑ?»

«የባሕር ውኃ። ጨው ነው። ገጽ አሥራ አራት ላይ አለ።» ይህ አልበቃኝም። «ደግሞስ ባሕሩ የሚጠጣ ቢሆን ኖሮ አራት ሰው በበርሜል ለምን ይጣላል? ዙሪያቸውን ውኃ አይደለም?»

ዝናቡ ቁርበቱን ሲደበድብ ይሰማል። አያ ዘለቀ የጨፈኗትን ዓይን ከፈቱ። እኔ ግን ትክክል በመሆኔ ተደስቼ ነበር።

ማሩ ተነሣ። «ውሸት ነው በሉኛ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አራት ቀን። ጥሩዬ እያማጠች ይሆናል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ውሸት እሰማለሁ። አራት ቀን!»

ልብሱን ራሱ ላይ ጠቀለለና ወደ ጓንግ ወረደ። ተከተልነው። ውኃው ጉልበቱን አለፈ፣ ጭኑን አለፈ፣ ወገቡ ላይ ደረሰ። ሲገፋው ይታያል። ሐጂ «ያ ማሩ! ያ ወለድ! አንተ ልጅ! ተመለስ!» እያሉ ጮኹ። እኔ በትሬን ይዤ ቆምሁ። በትር ለምን እንዳስፈለገኝ እንጃ።

አያ ዘለቀ አልጮኹም። ዳር ቆመው፣ ሁልጊዜ ከጥላው ሥር ሆነው በሚያወሩበት ድምፅ፣ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገው፣ «ጠጣሁ አልሁ እንጂ መች ዳንሁ አልሁ?» አሉ።

ማሩ አንገቱን ዞር አደረገ።

«እፎይ ያልሁት ለዚያች ሰዓት ነው» አሉ። «ማታውን አበድሁ። ወደ ባሕሩ ልዘል ስል ያዙኝ። ያን ጊዜ ነው ያን በርሜል የከፈተው ሰው የታወቀው።»

ማሩ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «ማነው?» አለ።

«ውጣና እነግርሃለሁ።»

«አሁን ይንገሩኝ!»

«ጓንግ ይጮኻል፤ አይሰማህም። ውጣ።»

እየተሳደበ ወጣ። ሐጂንም፣ እኔንም፣ መርከብ የሠራውንም ሰው ሰደበ። ወጥቶ ሲቀመጥ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አያ ዘለቀ ቆባቸውን ደፉ። «እዚህ ላይ ይደር።» ማሩ ሊያንቃቸው የደረሰ መሰለኝ፤ ግን በድካም ይሁን በሌላ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

እሱ ሲተኛ አያ ዘለቀ በክርናቸው ጎሸም አድርገው ከጨዉ ክምር ኋላ ወሰዱኝ።

«ጨው ነው አልህ?»

«ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ገጽ አሥራ አራት።»

ጨዉ በዝናብ እየቀለጠ ከቁርበቱ ሥር ኩሬ ሠርቶ ነበር። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ። «ይህን ያህል ውኃ ማን እንዲህ አበላሸው?» አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን ደባበሱ። «እኔ ያየሁት የጎርጎራውን ነው። ጣናን። በመዳፍ ዘግነህ ትጠጣዋለህ። እሱን በሰባት አበዛሁትና ባሕር አልሁት። መርከብ ውኃ እንደሚጭን ሰምቼ ነበር፤ ለምን እንደሚጭን ጠይቄ አላውቅም።»

«እና... እሳት አንዳጅ አልነበሩም?»

«በሰርግ ቤት አንድጃለሁ።»

መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። «በርሜሉን ማን ከፈተው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉኝ። «አንተ ነህ የምትቆጥረው። ለነገ ከሰዓት ፈልግልኝ። ካልተገኘ ይህ ልጅ ይገባል፣ ያን ጊዜ አይወጣም።»

የዚያን ምሽቱን ያህል ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሰርቶ ለማያውቅ ሰው ውሸት ከባድ ነው። የነገሩንን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስሁ። አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ሰባተኛው በርሜል ባዶ ሆኖ የተገኘው በሦስተኛው ጧት ነው። የሚያንኳኳው ነገር ግን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ አለ። ዱብ፣ ዱብ። ሙሉ በርሜል አይንከባለልም፤ ባዶ ነው የሚንከባለል፣ ተንከባሎም ግድግዳ የሚመታ። ስለዚህ በርሜሉ ከወደብ ሲነሡም ባዶ ነበር። ማንም አላፈሰሰውም። ባዶውን ሰባት ብሎ የቆጠረው ውኃ ቆጣሪው ነው። ሳይከፍት፣ ሳያንኳኳ፣ በራሱ ቁጥር ተማምኖ። ባሕር መሐል ሲደርስ አወቀው፤ አፈረ፤ ውታፉን ነቅሎ ወለሉን አረጠበና ሌባ ያለ አስመሰለ።

ነገሩ ሲገጥምልኝ ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። መልሼ ቁጭ አልሁ። ውኃ ቆጣሪውን አወቅሁት። በትሩ ከጎኑ ናት።

ቢሆንም ለአያ ዘለቀ ነገርኋቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ ብዙ አዩኝ፣ በሁለቱም ዓይናቸው።

«ይህንን ሰው ምን ያደርጉታል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

በአምስተኛው ቀን አያ ዘለቀ ታሪኩን ነገሩን። እሳት አንዳጁ አብዶ ሊዘል ሲል ውኃ ቆጣሪው እግሩ ላይ ተደፍቶ ይናዘዛል፤ በእሱ ቁጥር ሰው ሲሞት ማየት አልቻለም። ሐጂ የተሸነፉበትን ትንባሆ አወጡ፣ ለማን እንደሚሰጡት ግን ጠፋቸው፤ ማንም አልገመተውም። ማሩ ጉልበቱን መታ።

«ወደ ባሕር ነው የምወረውረው!» አለ። ያለው ወደ እኔ ዞሮ ነው። «እንዲያ ያለውን ሰው እግሩን ይዤ ወደ ባሕር! አለቃው ምን አደረገው?»

እኔ የበትሬን ምልክቶች እቆጥር ነበር።

«አለቃው» አሉ አያ ዘለቀ፣ «የቀረውን በርሜል ለእሱው ሰጠው። ‹አሁንም አንተ ትቆጥራለህ› አለው። ‹ከዛሬ ወዲያ እንዳንተ የሚጠነቀቅ ሰው ከየት አመጣለሁ?›»

ዝናቡ ሲያባራ ማሩ ወንዙን ሊያይ አልሄደም። እኔም አልተናዘዝሁም። የመርከቧ ውኃ ቆጣሪ ከእኔ የተሻለ ሰው ሆኖ ወጣ፤ እኔው ሠርቼው።

በስድስተኛው ቀን ጓንግ ጎደለ። ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ አያ ዘለቀን አስቀድሜ ተሻገርን። ጥሩዬ ከሦስት ቀን በፊት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ማሩ ልጁን ታቅፎ ከደጃፉ ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ያ የሞተ በሬ ትዝ አለኝ።

ጨዉ ግማሹ ቀልጧል። ሐጂን «ባሕር ጨው መሆኑን አያውቁም ነበር?» አልኋቸው።

«ሐጂ የምትለኝ ለምን መሰለህ? መካ በእግር የሚደረስ ነው?»

ወይ ገጽ አሥራ አራት! አራት ዓመት ሐጂ እያልሁ ስጠራቸው ባሕር የተሻገሩ መሆናቸው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ታሪኩ ጣመኛ። እኔ ባሕሩን መቼ አየሁት፣ ከሱዋኪን እስከ ጂዳ ሲያስመልሰኝ ነበር። ባሕር ማለት ለእኔ ባልዲ ነው። የአያ ዘለቀ ባሕር ይሻላል። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ በኋላ ማሩ አያ ዘለቀን ባገኛቸው ቁጥር «ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዛሬስ ማንን ሊገድል አስቧል?» ይላቸው ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን እየደባበሱ «አለ፣ ይመስገነው» ይላሉ። እኔን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ። ይህን እያልሁ አራት ዓመት አለፈ። ጣሊያንም መተማን ለቆ ወደ ደጋው ሸሸ፣ እኔ ግን አልተናገርሁም።

ሐጂ መርዶውን ነግረውኝ ከሄዱ በኋላ ማሩ ቤት ሄድሁ። አጥር ሲያጥር አገኘሁት። ነገርሁት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ሰው እንደሚያለቅሰው። ሲበቃው «ያ ጉልበታቸው» አለና ሊስቅ ሞከረ።

«ጉልበታቸው አልነበረም» አልሁ። «እዚያ እንድናድር ያደረግሁ እኔ ነኝ። ለክቼ ውኃው ይጎድላል አልኋቸው። እሳቸው እንሻገር ብለው ነበር።»

ማሩ አፍንጫውን ጠረገ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ። ሰውዬው ስድስት ቀን ቁጭ ብድግ ሲል ጉልበቱን አንድ ቀን አላመመውም። አንተ ደግሞ የበርሜሉ ነገር ሲወራ ቀና አላልህም። ‹ወደ ባሕር እወረውረዋለሁ› ያልሁት ማንን ይመስልሃል? ፊት ለፊትህ ነው ያልሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«አለቃው ካልጣለው እኔ ማን ነኝ?» አለ። «ሽማግሌውን ስቆጣ የኖርሁት አንተ ‹በቃ፣ እኔ ነኝ› እንድትል ነው። አራት ዓመት! እንዳንተ ያለ ድንጋይ አይቼ አላውቅም።»

እኔ እሱን አታለልሁ ብዬ ሳስብ፣ ሁለቱ እኔን ሲጠብቁኝ ኖረዋል። ይህንንም አልቆጠርሁትም።

አርባቸው የዋለው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ለተዝካሩ መተማ ለመድረስ ማሩና እኔ በማለዳ ወጣን፣ እሱ አንድ ማሰሮ ማር ተሸክሞ። ጓንግ ዳር ስንደርስ ያቺ ጉብታ ማዶ ትታያለች፣ ከማስታውሳት ታንሳለች። ዞረን ስናይ ደጋው ጠቁሯል።

«በል ለካ» አለኝ ማሩ።

በትሬን ሰደድሁ። «ከጉልበት በታች አራት ጣት» አልሁ።

«እየጎደለ ነው?»

«እየጎደለ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ነህ ቆጣሪው። እንደር?»

«ኧረ አሁኑኑ እንሻገር» አልሁ።

ገባን። መሐሉ ላይ ውኃው ጭናችን ደርሶ መግፋት ሲጀምር ማሩ እግሩ ከበደውና ቆመ። ማሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ መሐል ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። ማሰሮውን ራሱ ላይ እንደያዘ፣ ወንዙን ላለማየት ብሎ መሰለኝ፣ «እኔ የምልህ» አለ፣ «ያ ቆጣሪ ለመሆኑ አገሩ ገባ? አያ ዘለቀ እኮ ይህን አልነገሩንም።»

አልነገሩንም፤ እኔም አላውቅም።

«ና፣ ማዶ ስንደርስ እነግርሃለሁ» አልሁት፣ በትሬን ወደ ፊት እየሰደድሁ።